ባክአፑ ትናንት ሌሊት መሠራቱን በምን ታውቃላችሁ?

ብዙ ሰው «ባክአፕ አለኝ» ሲል መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሱ የላከው ፋይል ማለቱ ነው። መቼ ነው የተቀዳው? ባለፈው ዓመት ይሆናል፣ ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተቆረጠው ደረሰኝ፣ የተነሣው የሠርግ ፎቶ፣ አማካሪ ያረመው የመመረቂያ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሃርድ ዲስኩ ዛሬ ቢሞት ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ስንፍና አይደለም። በእጅ የሚሠራ ባክአፕ የሚዘለለው ሥራ በሚበዛበት ሳምንት ነው፤ ብዙ አዲስ ፋይል የሚፈጠረውም በዚያው ሳምንት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለማሽኑ መስጠት ይሻላል። ለዚህ ደግሞ ውድ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከሊኑክስ፣ ከማክና ከዊንዶውስ ጋር አብረው ይመጣሉ፣ ካልመጡም በነፃ ይጫናሉ። የሚታዘዙት በጽሑፍ ነው፤ ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍቶ መጻፍ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ያስፈራል፣ ግን አንዴ የተጻፈ ትእዛዝ ለዓመታት ያገለግላል።

አውቶማቲክ ባክአፕ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስክሪፕት ነው፤ «ይህን ፎልደር ወደዚያ ዲስክ ቅዳ» የሚሉ ትእዛዞች በቅደም ተከተል የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል። ሁለተኛው ስክሪፕቱን በሰዓቱ የሚያስነሣው ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ሥራው መሠራቱን ወይም አለመሠራቱን ለሰው የሚነግረው ክፍል ነው። አብዛኞቹ መመሪያዎች ሁለቱን አስተምረው ያቆማሉ። እኔ ግን ዋናው ሦስተኛው ነው እላለሁ። መቅዳቱስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መቅዳቱ የቆመበትን ቀን ማወቅ ነው።

ጊትላብ የደረሰበትን እንይ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ባክአፑ ወደሚቀመጥበት ቦታ ሲሄዱ ባዶ ነው። በየቀኑ ባክአፕ ይሠራል ተብሎ የታመነው ትእዛዝ ስሪቱ ከዳታቤዙ ጋር አይገጥምም ነበር፤ ስለዚህ በተነሣ ቁጥር ይከሽፋል። መክሸፉን የሚናገር ኢሜይልም ይላክ ነበር፣ ግን ኢሜይሉ የሚፈለገው ማረጋገጫ ስለሌለው ማንም ጋ ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። በመጨረሻ ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከ6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። በመካከል ያለው የ6 ሰዓት ሥራ ጠፍቶ ቀረ። ድርጅቱ ሁሉንም ሳይደብቅ ጽፎ ስላወጣው ዛሬ ሌላው ሰው ይማርበታል፣ ለዚህ ሊመሰገን ይገባል። እንግዲህ ስክሪፕትም ነበራቸው፣ ሰዓትም ነበራቸው። የጎደለው ወሬው ነው።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። በሊኑክስና በማክ ዋናው መሣሪያ አርሲንክ ይባላል። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ የተባሉ አውስትራሊያውያን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፣ እስከ ዛሬም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሲነሣ ምንጩንና መድረሻውን ያወዳድራል፤ መጠኑ ወይም የተለወጠበት ሰዓት የተለየውን ፋይል ብቻ ይቀዳል። የመጀመሪያው ቀን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ሲልክ ደግሞ ከተለወጠው ፋይል ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚያሻግረው። የኢንተርኔት ጥቅል በጊጋ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ አርሲንክን የምትወዱበት ሌላ ምክንያት አለ። አዲሱን ፋይል መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጽፈዋል፣ ሲጨርስ ብቻ በእውነተኛው ስም ይተካዋል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የትናንቱ ደህና ቅጂ ባለበት ይቆያል፣ በግማሽ ፋይል አይተካም። መብራት ሲመጣ ስክሪፕቱን እንደገና ስታስነሡት ያለቁትን ዘሎ ወደቀሩት ይሄዳል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው በምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ስላሽ ናት፣ ይቺ «/»። ካለች «የፎልደሩን ይዘት ቅዳ» ማለት ነው፤ ከሌለች «ፎልደሩን ራሱን ቅዳ» ማለት ነው። በዚህች አንድ ምልክት ምክንያት ፎልደር ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ ፎልደር ተፈጥሮ ዲስኩ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ዲሊት የሚባለው አማራጭ ነው። ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም እንዲያጠፋ ያዘዋል። ጠቃሚ ነው፣ አደገኛም ነው፤ ምክንያቱም ምንጩ በሆነ ምክንያት ባዶ ሆኖ ከታየው አርሲንክ ታዛዥ ነውና ባክአፑንም ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ይህን አማራጭ ከመጠቀማችሁ በፊት ድራይ ራን በሚባለው አማራጭ ሞክሩት። ምንም ሳይነካ ምን ሊቀዳና ምን ሊያጠፋ እንዳሰበ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ዝርዝሩን አንብቡት።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ኤክስተርናል ዲስኩ ሳይሰካ ስክሪፕቱ ቢነሣ ምን እንደሚሆን ነው። ሊኑክስ ላይ ዲስኩ የሚሰካበት ቦታ ተራ ፎልደር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዲስኩ ባይኖርም ፎልደሩ ካለ አርሲንክ ደስ ብሎት እዚያው ይቀዳል፣ ያም ማለት ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ። ስክሪፕቱ ያለ ስህተት ይጨርሳል፣ ባክአፕ ግን የለም። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ማውንትፖይንት በሚባለው ትእዛዝ ዲስኩ በትክክል መሰካቱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ካልተሰካ መልእክት ልኮ ማቆም። ለምንጩም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በምንጩ ፎልደር ውስጥ «እዚህ_ነኝ» የምትባል ትንሽ ፋይል አስቀምጡ፤ ስክሪፕቱ እሷን ካላገኘ ምንም አይንካ።

ሌላው አደጋ ያልተሞላ ተለዋዋጭ ነው። ተለዋዋጭ ማለት ስክሪፕቱ ውስጥ የፎልደሩን አድራሻ የምታስቀምጡበት ስም ነው። ያ ስም ባዶ ከሆነና ቀጥሎ «ከዚህ ስር ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ «ከዚህ» የሚለው ጠፍቶ «ሁሉን አጥፋ» ይቀራል። በጃንዋሪ 2015 እ.ኤ.አ. ስቲም የተባለው የጌም ፕሮግራም የሊኑክስ ስሪት ልክ ይህን አደረገ። ችግሩን ሪፖርት ያደረገው ተጠቃሚ የራሱ ፋይሎች ብቻ ሳይሆኑ ባክአፕ የሚያደርግበት የተሰካ ኤክስተርናል ዲስክም ነው የተጠረገበት። ባሽ በሚባለው የሊኑክስ የትእዛዝ ቋንቋ በተጻፈ ስክሪፕት መጀመሪያ ላይ «ያልተሞላ ተለዋዋጭ ካገኘህ ቁም» እና «ስህተት ካጋጠመህ ቁም» የሚሉ ሁለት ቅንብሮች አሉ። ሁልጊዜ ጻፏቸው።

የፋይል ስም በአማርኛ የምታስቀምጡም ከሆነ አትጨነቁ፣ መሣሪያዎቹ ይቀበሉታል። ግን «የ2016 ሒሳብ የመጨረሻ» በሚል ስም ውስጥ ክፍተት አለ፣ ስክሪፕት ደግሞ ክፍተት ሲያይ ሦስት የተለያየ ስም ይመስለዋል። ስለዚህ ተለዋዋጩን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉት። ርዝመትም አለ። ሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም እስከ 255 ባይት ነው፣ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ይህ ማለት ጣሪያው 85 ፊደል ነው። ሙሉ የደብዳቤ ርዕስ የፋይል ስም የሚያደርጉ ቢሮዎች እዚህ ጋ ይጋጫሉ።

አሁን አንድ ቅጂ አላችሁ እንበል። በቂ አይደለም። ዛሬ አንድ ሰው የደንበኞችን ዝርዝር በስህተት ደልዞ ሴቭ ካደረገው፣ ዛሬ ማታ ባክአፑም ያንን የተደለዘ ፋይል ይወስዳል፣ ነገ ስትፈልጉት ደህናው የለም። የሚያስፈልገው ታሪክ ነው፦ የትናንቱ፣ የባለፈው ሳምንቱ፣ የባለፈው ወሩ። አርሲንክ ሊንክ ዴስት የሚባል አማራጭ አለው። በየቀኑ ቀኑ የተጻፈበት አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፣ ያልተለወጠውን ፋይል ግን እንደገና አይቀዳውም፤ ከትናንቱ ጋር ያገናኘዋል እንጂ። ስትከፍቱት እያንዳንዱ ቀን ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን የተለወጠውን ያህል ብቻ ነው።

ይህ የሚሠራው ዲስኩ እንዲህ ያለውን ማገናኛ የሚቀበል ከሆነ ነው። ከሱቅ የምትገዙት ፍላሽና ኤክስተርናል ብዙ ጊዜ በፋት 32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ነው፣ ሁለቱም አይቀበሉትም። ፋት 32 በዚያ ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ለባክአፕ የተለየ ዲስክ መድቡና ሊኑክስ ከሆነ በኤክስት 4፣ ዊንዶውስ ከሆነ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ በሊኑክስ የተለመደው ክሮን ነው። ክሮንታብ የሚባለውን ሰንጠረዥ ከፍታችሁ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። መስመሩ በአምስት ቦታ ይጀምራል፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ኮከብ ምልክት «ሁሉም» ማለት ነው። ከዚያ የስክሪፕቱ አድራሻ ይከተላል። ለምሳሌ

30 2 * * *

ማለት በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። አዎ፣ 8 ሰዓት ተኩል። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት። ከእኛ ሰዓት ወደ ክሮን ስትሄዱ ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ሰዓት ላለው 6 ትጨምራላችሁ፣ ከማታ 1 እስከ 5 ላለው 18 ትጨምራላችሁ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ላለው ደግሞ 6 ትቀንሳላችሁ። «ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል» ብሎ አስቦ 30 8 የጻፈ ሰው ባክአፑ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣበታል፤ ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተር በሚከፍትበት ሰዓት ማለት ነው። ማሽኑ ለምን እንደተንቀራፈፈ ለማወቅ ከዚያ በኋላ ብዙ ይለፋል። ሰርቨራችሁ ውጭ አገር የተከራያችሁት ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ፤ እዚያ ላይ 30 2 አዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ብትተዉት ይሻላል፤ በማርች ሰዓት ሲቀየር ያ ሰዓት ጨርሶ የለም።

ክሮን የእኛን አቆጣጠርም አያውቅም። ሆኖም የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል

0 18 7 7 *

ብላችሁ ብትጽፉ በየዓመቱ ሰኔ 30 ማታ 12 ሰዓት ላይ የዓመቱን መዝጊያ ቅጂ ለብቻው ያነሣላችኋል። ለሒሳብ ክፍል ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ለመስከረም 1 ግን አይሠራም፣ በአራት ዓመት አንዴ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይዞራልና።

ክሮን ላይ ሰው የሚያደክሙ ሦስት ነገሮች አሉ። ስክሪፕቱ እናንተ ስታስነሡት ይሠራል፣ ክሮን ሲያስነሣው አይሠራም፤ ምክንያቱም ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልገው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ የትእዛዞቹን ሙሉ አድራሻ ጻፉለት። የፐርሰንት ምልክት ክሮንታብ ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፤ ቀን ለመጻፍ ስትጠቀሙበት ከፊቱ ባክስላሽ «\» ያስፈልገዋል፣ ወይም ቀኑን ስክሪፕቱ ውስጥ መተው ነው። የወሩን ቀንና የሳምንቱን ቀን አንድ ላይ ከሞላችሁ ደግሞ ሁለቱ ሲገጥሙ ብቻ ሳይሆን አንዱም ሲገጥም ይነሣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ማሽኑ በሰዓቱ ካልበራ ክሮን ያልፈዋል፣ ሲበራም አያካክስም። ሱቅ ወይም ቢሮ ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የሚሄድ ከሆነ የሌሊት ባክአፕ አንድም ቀን አይሠራም። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ አናክሮን ወይም የሲስተምዲ ታይመር የሚባሉትን ሌሎች የሊኑክስ ሰዓት ጠባቂዎች መጠቀም ነው፤ ታይመሩ ላይ ፐርሲስተንት የሚለውን ካበራችሁ ያመለጠውን ማሽኑ ሲበራ ይሠራዋል። ወይም በቀላሉ ባክአፑን ምሳ ሰዓት ላይ ማድረግ፣ 30 12 ብሎ፤ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ሰው ወጥቶ ማሽኑ እንደበራ። ለትንሽ ቢሮ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አንዱ ዙር ሳይጨርስ ሌላው እንዳይነሣ ኤፍሎክ በሚባለው ትእዛዝ ማስቆለፍም ያስፈልጋል። ጥቂት ቃላት መጨመር ነው፣ ከብዙ ራስ ምታት ያድናል።

እኛ ጋ አብዛኛው ቢሮ ዊንዶውስ ላይ ነው ያለው። እዚያ የአርሲንክን ቦታ ሮቦኮፒ፣ የክሮንን ቦታ ታስክ ስኬጁለር ይይዛል። ሮቦኮፒ ጠንካራ ነው፣ ግን አንድ ክፉ ልማድ አለው። ፋይል ተከፍቶ ስለተቆለፈ መቅዳት ካልቻለ፣ ካልተነገረው በቀር 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየሙከራው መካከል 30 ሰከንድ እየጠበቀ። ይህ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል! አንድ ሰው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፍቶ ምሳ ከወጣ ባክአፑ እዚያች ፋይል ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ «3 ጊዜ ሞክር፣ 5 ሰከንድ ጠብቅ» በሉት። ሚር የሚባለው አማራጩ እንደ አርሲንክ ዲሊት ነው፣ በዚያው ጥንቃቄ ያዙት። ታስክ ስኬጁለር ላይም ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው «ኮምፒውተሩ መብራት ላይ ከተሰካ ብቻ ጀምር» የሚለው ምልክት ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ቢሆን ሥራው አይነሣም። ሁለተኛው ያመለጠ ሥራ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር የሚያደርገው ምልክት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ እሱን አብሩት።

ፒችትሪም ሆነ ሌላ ዳታቤዝ እየሠራ ሳለ ፋይሉን ዝም ብሎ መቅዳት ግማሹ የአሁን ግማሹ የቅድም የሆነ ቅጂ ሊሰጥ ይችላል። ዳታቤዞች የራሳቸው ማውጫ ትእዛዝ አላቸው፤ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ማይኤስኪውኤል ደምፕ። መጀመሪያ እሱ ያውጣ፣ ከዚያ የወጣውን ቅዱ። የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ወይም በራሱ የባክአፕ ቁልፍ።

አንድ ቅጂ ደግሞ ከቤቱ ውጭ ይሁን። ሌባ ኮምፒውተሩንና ጎኑ ያለውን ዲስክ አብሮ ነው የሚወስደው፣ እሳትም እንዲሁ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ብቻውን አያስተማምንም። ሁለት ዲስክ ገዝቶ በየሳምንቱ ማቀያየር፣ አንዱን ቤት መውሰድ ይቻላል። በኢንተርኔት የምትልኩ ከሆነ ሬስቲክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከመላኩ በፊት ይመሰጥረዋል፣ የተደጋገመውንም ሁለቴ አይልክም። የይለፍ ቃሉን ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እሱ ከጠፋ ሬስቲክን የሠሩት ሰዎች እንኳ ሊከፍቱላችሁ አይችሉም።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። ማንኛውም ትእዛዝ ሲጨርስ ቁጥር ትቶ ይሄዳል። አርሲንክ 0 ካለ ተሳክቷል፣ 23 ካለ የተወሰነ ፋይል አልተቀዳም፣ 24 ካለ እየቀዳ ሳለ የጠፋ ፋይል ነበር። ሮቦኮፒ ይለያል፤ ከ8 በታች ያለው ሁሉ ደህና ነው፣ 1 ራሱ «አዲስ ፋይል ቀድቻለሁ» ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ «0 ካልሆነ ስህተት ነው» ብሎ የጻፈ ሰው በየቀኑ የውሸት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ከሳምንት በኋላም ማንበብ ያቆማል። ክሮን ራሱ ውጤቱን በኢሜይል ለመላክ ይሞክራል፣ ግን አብዛኛው ማሽን ኢሜይል መላኪያ ስላልተዘጋጀለት ወሬው እዚያው ይቀራል። ቀላሉ ቴሌግራም ላይ በነፃ ቦት ከፍቶ፣ ስክሪፕቱ ሲጨርስ ከርል በሚባለው ትእዛዝ መልእክት እንዲልክ ማድረግ ነው። መልእክቱ ውስጥ «ተሳክቷል» ብቻ አትጻፉ፤ ስንት ፋይል እንደተቀዳና ዲስኩ ላይ ስንት ጊጋ እንደቀረ ይናገር። ሁልጊዜ 40 ፋይል የሚቀዳ ባክአፕ አንድ ቀን 0 ካለ፣ ወይም 9 ሺህ ካለ፣ የሆነ ነገር አለ።

ችግሩ ስክሪፕቱ ጨርሶ ካልተነሣ መልእክትም የለም፣ ሰው ደግሞ ያልመጣን መልእክት አያስተውልም። ስለዚህ ጠባቂው ሌላ ቦታ መሆን አለበት። ሄልዝቼክስ የመሳሰሉ አገልግሎቶች በየቀኑ ከማሽናችሁ ምልክት ይጠብቃሉ፤ በተባለው ሰዓት ካልደረሳቸው ራሳቸው ይጮኻሉ።

በወር አንዴ ደግሞ አንድ ፋይል ከባክአፑ አውጥታችሁ ሌላ ፎልደር ውስጥ ክፈቱት፤ በዓመት አንዴ ሙሉውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱት። ስትመልሱት ሰዓት ያዙ። 500 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2 ገመድ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያንኑ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚያወርድ ኢንተርኔት መልሱት ብትባሉ ከ9 ቀን በላይ ነው። ውጭ ያለው ቅጂ ለሌባና ለእሳት ነው፣ ነገ ጠዋት ሱቁን ለመክፈት ግን አጠገባችሁ ያለው ዲስክ ያስፈልጋችኋል።